ደርበው

ጫማ ቆጣሪ ነበርኩ፣
በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ዶሮ ማነቂያ፤
ቀበሌ የሰጠኝ አንድ አሮጌ ምንሽር፣
አንዲት ጥይት፣ እሷም ለማስፈራሪያ።

«ከመጋቢው ደጃፍ እሑድ ሲመሽ ቁም፣
ሰው ስሙን ይዋሻል፣ ጫማ ግን አይዋሽም፤
የገባውን ጻፍ» አሉኝ፣ «ሌላ አንጠይቅህም።»

በሩ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ያጥራል፣
ከሥሩ የሚያልፍ እግር ሁሉ ይታያል፦
በረባሶ፣ ሸራ፣
ተረከዙ ያለቀ የአስተማሪ ጫማ፣
አንዲት የነርስ ነጭ።
ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ የታፈነ ዜማ፣
ከጉሮሮ ሳይወጣ እዚያው የሚቀር፤
ሰፈሩም እንደ ስሙ
ያን ጊዜ መዝሙር ያንቅ ነበር።

ከጓሮ በርሜል አለ።
«ውሃ ስትጠፋብን» ይላሉ ሲጠየቁ።
እኔ ግን አንድ ሌሊት በአጥሩ ስንጥቅ አየሁ፦
የአውቶቡስ ሹፌሩን፣ ያን ግዙፍ ሰውዬ፣
እንደ ብርድ ልብስ አጥፎ ሲከተው መጋቢ ጥላዬ፤
ሲያወጣው ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ይስቃልም ደግሞ፤
በዚያ ዓመት እንዲያ የሳቀ ሰው አላየሁም ቀድሞ።
በመዝገቤ ጻፍኩ፦ «በርሜል፣ አንድ። ውሃ፣ ሙሉ።»

ነሐሴ ነው። ካፖርቴ እንደ ወንፊት ያፈሳል።
በሩ ገርበብ አለ፤ መጋቢው ቆሟል፣ ጋቢ ይዟል።
«ደርበው» አለኝ፣
ትቶልኝ ገባ።
ስሜን ነው የጠራው? ስሜንስ ማን ነገረው?
ወይስ ከካፖርቴ በላይ ጋቢውን ደርበው?
እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ጋቢውን ደርቤ፣ በሙቀቱ ውስጥ ሆኜ፣
ጻፍኩ፦ «ጫማ፣ ዐሥራ አራት።»
ማክሰኞ መጡና ወሰዱት።

ሁለት ዓመት ከሰባት ወር። ከርቸሌ።
ሲፈታ ከስቷል፣ አንድ ጆሮው አይሰማም፤
ከዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ አየኝና፣
«ጋቢው ይሞቃል?» አለኝ።
ሌላ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም ነው፣ ብዙም አያስደንቅ።
ዘመን ተለወጠ፣ «ባፕቲስት» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ፣
በርሜሉ ቀርቶ በሴራሚክ የተለበጠ ገንዳ ተሠራ።
ስብከቱ አሰልቺ ነበር (ልጁም ትመሰክራለች)፤
ከፊት ወንበር ሰው ያንቀላፋል፣
እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀጥላል፣ እንዳይቀሰቅሰው።
ዕድራችን «ጴንጤ አንቀብርም» ብሎ ስሙን ሰርዞ ሳለ፣
ሰው በሞተ ቁጥር የድንኳኑን ቋሚ ተሸክሞ
ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነበር።
የኔዋ አስካለ ያረፈች ቀን
ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ ቆመ፣
ዝናብ እየመታው፣
ጥላ ያልያዘው ጥላዬ።

ልነግረው ስንቴ ከበሩ ደርሼ ተመለስኩ፣
ዐሥራ አራቱን ማን እንደጻፈ።
አንድ ቀን በማይሰማው ጆሮው በኩል ተቀመጥኩና
ነገርኩት።
ራሱን ነቀነቀ።

ሌላው «መጋቢ» ሲለው «የሚመግብ» ማለቱ ነው፤
እኔ ግን ፊደሏን ገንጥዬ ነው የምጠራው፦
መ—ጋቢ።

አሁን ዶሮ ማነቂያ የለም። አስፋልት፣ ችግኝ፣ አምፖል።
ሰዉ ገላን፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ ተበትኗል፤
ለቀብሩ ግን በሦስት አውቶቡስ መጣ።
አዳራሹ ፒያሳ ነው፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ የኪራይ።
እኔ ከበሩ ማዶ ቆምኩ፣ እንደ ልማዴ፣
ጋቢውን ለብሼ፤ ሳስቷል፣ ብርሃን ያሳልፋል።
ዓይኔ ወደ ታች ሄደ፣ መቁጠር ጀመረ፦
ስኒከር፣ ቆዳ፣ የሕፃን ቡትስ፣ ሸበጥ፣
የክራንች ጫፍ ጎማ፣
መቶ ሃያ ላይ ጠፋኝ።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ» አለኝ አንድ ወጣት።
እግሬን አየሁት። ጭቃ አለበት።
ደፉን አሻገርኩት።
ቆጠርኩት።