በምን ኖራ?

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አዳማ ገና ሳትግል፣
ሦስት ከረጢት ኖራ፣ ወንፊትና በርሜል፣
በባጃጅ ጭኜ ቆምኩ እትዬ ደብሪቱ ደጅ።
«ለድሮ ቤት ኖራ ነው፣ ኖራ ብቻ የሚበጅ፤
ሲሚንቶ አፍ አፍኖ እርጥበት ያስቀረዋል፣
ኖራ ግን ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል»
ብሎኛል አንድ ባለሙያ።
እውነቱን ነው። እኔ ግን ግማሽ እውነት ይዤ፣
የሰው ምርኩዝ ተውሼ፣ በሰው ጉራ ተጉዤ።

አሸዋ ነፍቼ፣ ቀይጬ፣ ማንኪያዬን ሳነሳ፣
ኦቦ ገለቱ መጡ፤ በእጃቸው መሮና ጣሳ።
ጎረቤት ናቸው፤ ዓይናቸው ሞራ የጋረደው፣
ጣታቸው ግን ከስንቱ ግንብ ጋር የተዛመደው።
«ሱታ፣» አሉኝ። «ሱታ፣ ልጄ። ማን ናት?»
«ማን?»
«ግድግዳዋ። ምን በልታ ነው የቆመችው?»
አላውቅም። ቀለሟን አይቼ ነው ዋጋ የተነጋገርኩት።
«ግድግዳ ጆሮ አለው ስትሉ እሰማችኋለሁ፤
አፍም አለው። ጠያቂ ሲጠፋ ግን አያለሁ።»

ከመሠረቱ ጀመሩ፤ በመሮው ጀርባ ነካ፣
ቂው አለ። ጥቁር ድንጋይ። «ይኼ ጥጋበኛ ነው ለካ፤
ውሃ ብትሰጠው አይቀበል፣ በላዩ አትድከም፤
ፊቱን ጥረግለት እንጂ ልስን አታሸክም።»
ከጉልበት በላይ ሲደርሱ ድምፁ ተለወጠ፤
እንደ ደረቀ ቅል ጮኸ፣ ጥፍራቸው ትንሽ ሰመጠ።
እሳት ተፍቶት የቀለለ፣ አረፋ የመሰለ፣
ከዚሁ ከስምጥ ሸለቆ ተፈልፍሎ የመጣው፣
ጣሳው ዘንበል ሲልበት ባንድ ትንፋሽ ጠጣው።
«ጥም አለበት። ሳታጠጣው ልስን ብታለብሰው፣
የኖራህን ውሃ ሰርቆ ዱቄት አርጎ ነው የሚመልሰው።»

መስኮቱ ጋ እጃቸው ቆመ።
ጠፍጣፋ፣ ግራጫ፣ የማይናገር ፊት።
«ልጄ ነው፣» አሉ እትዬ ደብሪቱ ከበሩ፣
«አምና፣ በቦነሱ። እንዳይፈርስብኝ ብሎ።»
ከግርጌው ጨው አብቧል፤ ቀለሙ እንደ ቆዳ ተልጧል።
መሮው ጠርዙን ሲፈለቅቀው ሁሉም ባንዴ ወረደ፣
እንደ ሳህን። ከኋላው ጭቃ፣ በላቡ የታጠበ፣ የበረደ።
ጭድ። ማገር። ከላይ የተጋደመ የሐዲድ ቁራጭ ብረት።
በምርጊቱ ላይ ደግሞ የጣት መስመር፤ አራት፣
አምስተኛው ግማሽ።

ቀረብ አሉ። አላለቀሱም። በአውራ ጣታቸው
ግማሹን መስመር ተከተሉት፤ ሳቅ አለ በፊታቸው።
«ፍሬን ያዥ ነበር። ይቺን ጣት ባቡሩ ነው የበላት።
ድንጋይ መግዣ ያጣን ክረምት፣ የተናደችውን በጭቃ ሞላት፤
በዕረፍት ቀኑ፣ በእግሩ አቡክቶ።
ሙያው አልነበረም፣ ያስታውቃል።
ይኼው ግን ቆሟል።»

እኔ ዝም። ኖራዬ በርሜል ውስጥ ውሃ ለብሳ ተኝታለች።
አንዲት ያልኳት ግድግዳ ሦስት ሆና ወጣች።
«ታዲያ ምን ላድርግ?»
«እርጥቡ ይድረቅ፣ ጠብቅ፤ ይኼ ነፋስ ለምን ተፈጠረ?
ጭቃውን በጭቃ ጠግነው፣ መቼም አፈር ነው የነበረ።
ጥመኛውን አጠጥተህ፣ በስሱ፣ ደጋግመህ፣
ኖራ አቅምሰው፤ አታንቀው ባንዴ አጉርሰህ።
ኖራ እንደ ሰው ናት፤ ውሎዋን እይላት።
ዛሬ እዚያው በርሜሏ ውስጥ ትደር፤ ማደር አይጎዳት።»

ያን ቀን አልለሰንኩም። ከሰዓት ነፋሱ ተነሳ፣
የጣቢያው አቧራ መጣ፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ሬሳ ሸኚ ጓዝ።
የሰው ቀን ሥራ አቃጥዬ፣ በግቢው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ፣
ባዶ ከረጢት ገልብጬ፣ እርሳስ ከጆሮዬ አውርጄ፣
ከሥራ የሚቀድም ሥራ
ጻፍኩ፦ ይቺ ቤት እስከ ዛሬ
ምን ጠጥታ፣ በማን እጅ፣ በምን ኖራ?