ገጽ አርባ ሁለት

ከማራኪ ፒያሳ ዳገቱን በእግሬ፣
ለባጃጅ ያሰብኳት ዳቦ ሆነች ብሬ።
ከጃንተከል ዋርካ፣ ሶሌን አይቶ አዙሮ
«መምህር፣ ክሩም ጨምሯል» አለኝ አቀርቅሮ
ሊስትሮው ባንታየሁ።
ደሞዜስ ግንብ ነው፣ እንደ ፋሲል የቆመ፣
ጎብኚ ብቻ ያጣ፣ ባለበት የከረመ።

የእትዬ ዘርትሁን የሱቅ ደጅ ሰሌዳ
ጠመኔው እንደኔው፣ ቁጥሩ ግን እንግዳ፤
እኔ የጻፍኩትን ማታ እደመስሳለሁ፣
እሷ ስትደመስስ ጧት ላይ እደርሳለሁ፤
የትናንቱ ዋጋ እንደ ጥላ ቀርቶ፣
የዛሬው በላዩ ደልቶት ተጎልቶ።

ስምንተኛ «ለ»። ስልሳ አራት ተማሪ።
መጽሐፉን ገለጥኩ፣ አነበብኩ ጮክ ብዬ፦
«ታደለች መቶ ብር ይዛ ገበያ ወጣች።
ሁለት ሊትር ዘይት፣ ሦስት ኪሎ ስኳር ገዛች።
ስንት ብር ተረፋት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ሽታዬ ብቻ፣ የቀን ሠራተኛው ልጅ፣
ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች፣
ፊቷ ላይ ቀልድ የለም፦
«መምህር፣ ሱቁ የት ነው?
ለእናቴ ልንገራት።»

ዞሬ መልሱን ጻፍኩት።
ልክ ነው፤ ሁለቴ አሰላሁት።
በመዳፌ ደመሰስኩት።