ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሰባት

ጦሳ በወገቡ ጉሙን አገልድሞ፣
የቢሯችን ጣራ፣ ሰኔን ተሳልሞ፣
ያችኑ ቦታ ላይ ያንጠባጥባል፤
ባልዲው ከእኔ ቀድሞ ቋሚ ተቀጥሯል።

ጦይባ እንድሪስ ገባች፣ ጃንጥላዋን አጥፋ፣
ሦስት ገጽ መጠይቅ ከፌስታል ዘርግፋ፦
«ለመመረቂያዬ ነው፣ ስለ ሥራ እርካታ፤
ስም አይጻፍበትም፤ ያክብቡ በእርጋታ።»

አንድ ማለት «ፈጽሞ በዚህ አልስማማም»፣
አምስት «እጅግ በጣም»፤ ለዝምታ ቁጥር የለም።

የቢሮ ሁኔታ፦ ባልዲውን አየሁት፤
ከይሉኝታ የተነሣ ሁለት ሰጠሁት።
ደመወዝ፦ አንድ አልሁኝ፤ ይቺስ አታስጨንቅም፣
ከባንክ እስከ ፒያሳ ወርዳ እንኳ አትዘልቅም።
ባልደረቦች፦ አራት። አምስት ያልሞላሁት
ማርከሬን የወሰደውን ሰው ስላስታወስሁት።

አሥራ ሰባት ላይ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ፦
«ሥራዬ ተገቢውን ዕውቅና አግኝቷል።»

ግድግዳዬ ላይ አለ፣ ጠርዙ ወርቅ ቅብ፣
የካቻምናው የምስጋና ወረቀት፤ ሲነበብ
«ለመምህር አራጌ ሙሉ» ይላል ጽሑፉ።
አራጋው ሙሄ ነኝ። ዐሥራ ሦስት ክረምት ማለፉ
ስም እንኳ አላስጠናም። ላሳርመው ሄጄ
«በጀቱ ተዘጋ» አሉኝ፤ ተመለስሁ ይዤ።
ሰቀልሁት። አራጌም ሰው ነው፤ ማን ያውቃል፣
ደክሞ ይሆናል እሱም፣ ይገባዋል።

የእኔ ሙያ ስንጥቅ ነው፤ የተዳፋት ስንጥቅ።
ካስማ ተክዬ፣ ሜትር ዘርግቼ ስጠብቅ፣
መሬት ስንት ጣት እንደሸሸች በወር
መጻፍ። ለአንድ መጽሔት ልኬው ነበር፤
«ጠባብ ነው» ብለው መለሱት፣ «የአንድ ሰፈር»።

ከዚያው ሰፈር፣ አምና፣ እትዬ ዘነቡን
«ከዚህኛው ግድግዳ አርቂ አልጋውን» አልኋት።
«አብሽሪ» አላልሁም። ስንጥቁን አሳየኋት።
ነሐሴ፣ በሌሊት፣ ወረደ ግድግዳው፤
ጭቃና ድንጋይ ሞላው ባዶውን መኝታው።
ልጆቹ በወዲያ ጥግ ተኝተው ነበር።

ከሳምንት በኋላ፣ ፒያሳ፣ ሰው መሐል፣
ከመንገዱ ማዶ አንድ ድምፅ ይጮኻል፦
«አራጋው! የሙሄ ልጅ! ና እስቲ፣ አንተን ነው!
ልጆቼን አሽሺ አልኸኝ፤ እሺ፣ አሸሸሁ፤
የዶሮዎቹን ነገር ለምን ዝም አልኸኝ?
አምስቱን ቀበርሁ!»

ሰዉ ዞሮ አየኝ። አፈርሁ፣ ተሸማቀቅሁ፤
ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ግን ብቻዬን ሳቅሁ።
ስሜ ከነአባቴ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል፣
በዝናብ ተጠርቶ፤ ደግሞም በበደል፣
የዶሮ ዕጣ እንኳን ያውቃል ተብሎ ታምኖ
የሚከሰስ መምህር…

«መምህር፣» አለች ጦይባ፣ «አንዷ ባዶ ናት፤
ባዶ ከሆነማ ኮምፒውተሩ ይተፋታል።»

ኅዳጉ ላይ ጻፍሁ፦ አምስት ዶሮ።

አየችው። ደግማ አየችው።
«አምስት ብዬ ልያዘው?» አለች።
ባልዲው ሞልቶ ነበር፤ አንሥታው ወጣች።