የቤቱ ማውጫ

ከደረጃው ሥር፣ ከበረዶ አካፋው ጎን አስቀመጥኳት፣
ያችን አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሁለት ቁልፍ የጎደላት።
"ከዛሬ ጀምሮ" አልኩ፣ "የቤቱ ስልክ ቁጥር እሷ ዘንድ ይደር፤
አንዱ የመዘገበውን ሌላው ያግኝ፤ ማንም 'ቁጥሩን ላኩልኝ' እያለ አይዙር።"

ሬጃይና፤ እሑድ ማታ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
ማሞቂያው ያጓራል። ስልኮቹን ለቀምኩ አንድ በአንድ፤
የውብዓለምን፣ የናርዶስን፣ የራሴን፣
የአማቴንም፣ ያንን ጥጉ የተሰነጠቀውን።

ገና ከመነሻው "የቤተሰብ ስም" ብሎ ጠየቀኝ።
ምን ልበለው? እኔ በአባቴ፣ ሚስቴ በአባቷ፣ ልጄ በኔ፣
እማማ ዘርፌም በአባታቸው፤
አራት ሰው፣ አራት አባት፣ አንድ የመብራት ሂሳብ።
ባዶውን ተውኩት።

ቀጥሎ ፀሐይ መጣች፤
በፀሐዩ ፀ፣ በጸሎቱ ጸ፣ በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ፣
በእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ ሁለቴ፤
ስድስት ሴት ሆና ተሰለፈች
አንዲቷ የዕቁባችን ጸሐፊ።

"ላዋህድ?" ይላል ማሽኑ። "አዋህድ" እላለሁ።
ሊቃውንት ዘመን ሙሉ የተሟገቱበትን ቃል
በአውራ ጣቴ ነካ ሳደርገው፣ እሺ ይላል።
በኔ ስልክ "ቧንቧ ሠሪው"፣ በሚስቴ "ሌባው"፤
አንድ ቁጥር ነው፤ አዋሃድኩት፤ ሁለቱንም ነው ሰውየው።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ የራሴ ቁጥር ወጣ፣ ባራት ስም።
ውብዓለም ጋ፦ "የናርዶስ አባት"።
ናርዶስ ጋ፦ "አባ፣ መልእክት የማያነብ"።
እኔ ጋ፦ "እኔ"።
እማማ ዘርፌ ጋ፦ "ያ ልጅ"።

ያ ልጅ!
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "አንቱ" ሲሉኝ የኖሩ፣
ጨው እንኳ "ቢያቀብሉኝ" እያሉ ሲግደረደሩ።

ማየት አልነበረብኝም፤ የደወሉበትን ዝርዝር ከፈትኩ።
ጥርሳቸውን የተነቀሉ ዕለት፣ ያ ልጅ።
አውቶቡስ ያመለጣቸው ዕለት፣ ሁለቴ፣ ያ ልጅ።
የእህታቸው መርዶ የመጣ ሌሊት፣
ልጃቸው ፎቅ ላይ ተኝታ፣ እኔ ሥራ፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ያ ልጅ።

"የትኛው ስም ይቅር?" አለኝ ማሽኑ፣ አማርኛው የተሰባበረ፤
የቱን ላኑር፣ የቱን ልጣል? "ይቅር" ሁለቱንም ነበረ።

አንዱን ነካሁ።

ሰኞ ጠዋት ከመኪናው ወደ ቤት ደወልኩ።
ናርዶስ ትስቃለች፦ "ያ ልጅ ይላል! ማን ነው ስምህን የቀየረው?"
ስልኩን ከእጇ የወሰዱት እማማ ዘርፌ ናቸው።
ጥቂት ዝም አሉ። ማሞቂያው ከኋላቸው ያጓራል።
"ጓንትህን ረስተሃል" አሉኝ።