የጭረት ቅጽ

ሻንጣው ናይሮቢ ቀርቶ፣ እሱ ብቻ ደርሶ፣
ሦስት መስኮት ዞሮ፣ ሦስቴ ተመልሶ፣
ቱሉ ዲምቱ መጣ ላዱ፣ ቪትዟን ሊከራይ፤
ፌስታል ብቻ በእጁ፣ ጠቁሮበት ሰማይ።

«ፓስፖርት። መያዣ ብር። ፈርም። እዚህም ፈርም።»
እኔ ነኝ የምለው፤ ደንብ ነው፣ አላፍርም።

ከዚያ ቅጹን ይዘን መኪናዋን ዞርን፤
ጭረት ባየን ቁጥር በእስክሪብቶ ከበብን፦
የግራ በር። ፍሬቻ። የኋላ መከላከያ።
(አንዷን እኔው ነኝ የጫርኳት፣ ቃሊቲ መታጠፊያ።)

ላዱ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳየኝ፤
«ይቺም ቀድማ የነበረች ናት፣ ጻፋት» አለኝ፣
«ስመለስ እንዳታስከፍለኝ።»

ቅጹ ላይ ክንድ የለም፤ እስክሪብቶዬ አየር ላይ ቀረ።
ቁልፉን ሰጠሁት። ነዳጁ ሩብ ነበረ።