ምልክት ጠባቂው

ከካንፑር ወዲያ ማዶ፣ ሐዲድ ከሚከፈልበት፣
የእንጨት ማማ ላይ ነው የእኔ እንጀራ ያለበት።
ዘንጉን ስስበው፣ ክንዱ ከሩቅ ይነሣል፤
ሺህ ሰው የጫነ ባቡር እሱን አይቶ ይገሰግሳል።
ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የኖርሁት፣
አንድም ቀን አልከዳኝ፣ ያ ክንድ፣ የሳብሁት።

ምን ያደርጋል ታዲያ!
ማማዬ ላይ ያለው ሲታዘዝ ለእጄ፣
ከቤቴ ያለው ግን እምቢ አለኝ፣ ወዳጄ።

ስምንት ወር ሆነው። ካላቫቲ ዝም ትላለች፣
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች።
እኔም የሌሊት ተራ ለምኜ እወስዳለሁ፤
ከሚስቴ ስሸሽ ባቡር እጠብቃለሁ።

ሐኪም መምረጥማ ማንን ይቸግራል?
ከሐዲዱ ዳር ያለ ግንብ ሁሉ ይናገራል፤
በነጭ ኖራ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ፣
«የምስጢር ሕመም በሰባት ቀን!» ስልኩን ከግርጌ አሰልፎ።
ተሳፋሪው አይቶት፣ ስቆበት ያልፋል፤
እኔ ቁጥሩን ቀዳሁ፤ የቸገረው ይጽፋል።

የመጀመሪያው ሐኪም ድንኳን ውስጥ ነበረ፣
ሥሩን በጠርሙስ፣ እንሽላሊቱን በዘይት የደረደረ።
እጄን አልዳሰሰም። «ወጣት ሳለህ ነው
ዘይትህን የደፋኸው» ብሎ ፈረደብኝ፤
የወርቅ አመድ ነው ያለውን ሸጠልኝ። አይ፣ ሸጠኝ።
ቀመስሁት። ከሰል ከሰል ይላል።

ሁለተኛው ከተማ ነው፣ መጋረጃው ከፋይ፣
ክራቫቱን አስሮ በየፎቶው ላይ የሚታይ።
ገና ሳልቀመጥ መርፌ አዘዘልኝ፤
«አሥሩንም አሁን ክፈል!» ደረሰኝ ከለከለኝ።

ሦስተኛው የሚስቴ ወንድም ነው፣ ሐኪም ከተባለ፤
«ሰማያዊዋን ዋጥ» ብሎ ኪሴ ውስጥ ጣለ።
ልውጣት ስል ግን ደረቴን አንድ ነገር ጠበበኝ፣
ማማው ደረጃ ላይ እንደሚይዘኝ።
መለስኋት ወደ ኪሴ። ለካ ፍርሃትም ያድናል።

ከዚያ ወዲያ ነው የባቡር ሠራተኞች ሆስፒታል፤
ተራዬ ስልሳ ሦስት፣ አግዳሚውን ሰው ሞልቶታል።
በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ሴት ነበረች።
ልመለስ አሰብሁ፤ «ግባ» አለች።
ናፊሳ ይሏታል፤ ሽበቷን አልሸሸገችም፣
ሻይዋ ቀዝቅዟል፣ አልጠጣችም።
«ራሴን ነው የሚያመኝ» ብዬ ዋሸሁ፤ ጻፈች።
ቀና ብላ ደግሞ፣ «ሌላውስ?» አለች።

ሌላውስ።
ነገርኋት። እኔ ጣሪያውን እያየሁ፣ እሷ እኔን እያየች።

አልሳቀችም፣ ከንፈርም አልመጠጠች፤ ጠየቀች፦
«ጎሕ ሲቀድ፣ ሳታስበው፣ ይነሣል ወይ አንዳንዴ?
ሌሊት ውሃ ሲጠማህ ትነቃለህ ስንቴ?
የማማው ደረጃ ስንት ነው? ስንተኛው ላይ ታርፋለህ?
ትንባሆ ታጨሳለህ? ለደም ግፊት ምን ትውጣለህ?
ሚስትህ ታውቃለች?»
«ሃያ ሁለት ነው፤ አሥራ አራተኛው ላይ ነው የማርፈው።»
የመጨረሻውን አልመለስሁም። ዝምታዬንም ጻፈችው።

ደሜ ተመረመረ፤ ስኳሩ ከልክ አልፏል።
«ሥራህ ምንድን ነው?»
«ምልክት ጠባቂ።»
«እንግዲያስ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።
ክንዱ አልነሣም ሲል ነጂው ክንዱን ይረግማል?
ከፊት ሐዲዱ ላይ አንድ ነገር አለ ብሎ ይቆማል።
ያንተም ምልክት ነው፤ በሽታው ወዲያ ነው፤
ቀጭኑ የደም ሥር ነው ቀድሞ የሚጠበው፣
የልቡ ሊከተል ይችላል። መጀመሪያ የልብ ሐኪም ይይህ፤
እኔ ብቻዬን አልችለውም።»

አልችለውም አለች!
ያ ሁሉ ግንብ «እችላለሁ» እያለ ሲጮህብኝ ኖሮ፣
በዚያች በአንዲት ቃል መረጥኋት።

ማታ ለካላቫቲ ነገርኋት።
ሳህኑን እንዳጠበች፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ቆመች።
«እኔ ደግሞ» አለች፣ «ስምንት ወር ሙሉ
ጠልቶኝ ነው ብዬ…»
ሳህኑን ደግማ አጠበችው።

ጠዋት ሥራ ስገባ ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ነበር፤
«ሰባት»ን አጥፍቶ «አምስት ቀን» ይጽፋል።
አሥራ አራተኛው ላይ አረፍሁ፤ ዛሬ አላፈርሁም።
ቁልቁል አየሁት ብሩሹን ሲያጠልቅ፣ ሲያወጣ።
ከዚያ ስምንቱን ወጣሁ፤
ባቡሩ እየጮኸ ነበር።