ውሃ ልክ

አስራ አንደኛው ፎቶ፣ በሰኔ፣ አንድ ማታ ወደቀ፤
ምክንያቱን አንብቤ ሳልጨርስ መብራት ሄደ፣ ስልኬም አለቀ።
ካየኋት አንዲት መስመር በቀር ሌላው ጨለማ ነው፤
«አድማሱ ዘሟል» ትላለች። ማነው ያዘመመው?

እኔ ነኝ እንጂ!
ጣናን የሚያህል ውሃ ልክ ከደጄ ተዘርግቶ፣
ከዳር እስከ ዳር ጠብታ ሳያጋድል ተኝቶ፣
እኔ አጋደልኩት። በእኔ ፎቶ ቢሆን፣ ወደ ዘጌ ተገልብጦ ሐይቁ፣
ባሕሩ ፈስሶ ዳሩ ብቻ ነበር የከተማው ሐቁ።

ቀን ቀን ጉርድ ፎቶ ነው ሥራዬ፣ ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፤
«ቀና በል፣ አገጭህን ሳብ፣ ትከሻህ ወደ ግራ አይውረድ»
ስል እውላለሁ። ሰው ሁሉ በቃሌ ይቃናል፤
ማታ የራሴን ባየው፣ ሐይቅ የሚያህል ነገር ተንጋዷል።

የፊተኞቹስ?
አንዱን በግንቦት ቀትር ነው ያነሳሁት። አስፋልቱ ይንተከተካል፤
የሚያርፈው አውሮፕላን ጎማው እንደ ቅቤ ይቀልጣል፣
መስኮቶቹ ይዋኛሉ። «ለስላሳ ነው» ብለው መለሱት፤
ለስላሳ እኔ የማውቀው፣ ቆርኪውን ነቅለው የሚጠጡት።

ባለ ፕሮፔለሩን ሳነሳ፣ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ
መዝጊያውን አፈጠንኩት፤ ምላጩ ሁሉ አለ ቀጥ።
የሚበረውን ወስጄ እንደ ቋንጣ ሰማይ ላይ ሰቀልኩት፤
«ሞተሩ ጠፋ እንዴ?» አለች ባንቺአምላክ፣ እህቴ፣ ሳቀችበት።

አንዲት ነጥብ ላይ ግን ብዙ ተሟገትኩ።
«አቧራ» ይላሉ፤ «አሞራ» አልኩ።
በአንድ ፊደል ተጣላን። ክንፏን ቆጠርኩ፣ ምንቃሯን ሳልኩ፣
ስለ ጣና አሞራ ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ላክኩ።
በኋላ ዞሬ ባይ፣ አሞራዬ
በየካቲቱም፣ በሚያዝያውም ፎቶዬ፣
ከዚያችው ጥግ፣ ከላይ በስተግራ፣
ክንፏን ሳታጥፍ ቆማለች፤ አቧራ።

እንየው ግንበኛ ነው፤ ከቤቴ ጀርባ ፎቅ ያቆማል፤
ስሙ ራሱ እንየው ነው፣ ፎቶ ማየት መች ይሰለቻል?
በማግስቱ አሳየሁት። በዳኞቹ ላይ ያወረድኩትን ስድብ
ሰማ፣ ዝም አለ፣ ከከረጢቱ ውሃ ልኩን ሳብ
አድርጎ ከስክሪኑ ላይ አስደገፈ።
አረፋዋ ወደ ግራ ሮጠች፣ ከመስመሯ ወጣች፤
ፎቶውን እስካቀና ድረስ አንዴም አላረፈች።
«ግድግዳ ሲጣመምብህ ውሃ ልኩን ትሳደባለህ?
ማፍረስ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ነው፤ ከደረቀማ፣ ታውቃለህ፣
ኩራት ይሆናል» አለና ወደ አሸዋው ሄደ።

ክረምቱን ሙሉ ሳፈርስ ከረምኩ።
አሞራዬን በጎማ መንፊያ እፍ አልኳት፤
ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች።
ዝናቡ ሲያካፋ፣ ከሱቄ በረንዳ፣ መዝጊያውን አዘግይቼ፣
በሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ ተለማመድኩ፣ ወገቤን እንደ በር ማጠፊያ አላልቼ።
ሾፌሮቹ ትራፊክ ፖሊስ መስያቸው
ቀበቶ ይፈልጋሉ፣ የሌላቸው!

ጥቅምት፣ በጠዋት፣ አስፋልቱ ሳይሞቅ፣
ወጣሁ ወዳልተከደነው ፎቅ።
ጤዛ ከፌሮው ይንጠባጠባል፣ ሐይቁ ገና አልነቃም፤
እጄ ይንቀጠቀጣል። ይሁን። ዘንድሮ አልደብቀውም።
አውሮፕላኑ ተነሳ። አነሳሁት።
ፕሮፔለሩ እንደ ሰፌድ ክብ፣ መስኮቶቹ የሚቆጠሩ፣
ከሥሩ ጣና፣ ልክ እንደ ተፈጠረ፣ ሳይዛነፍ ድንበሩ።

አስራ ሁለተኛውም ወደቀ።
«ሆዱ ስር ጥላ በዝቷል፤ ከመሐል ትንሽ ዝቅ ብሏል።»
ይኸው ነው። ሁለቴ አነበብኩት፣ ሦስቴ፤ መብራቱም በርቷል።
ስለ አድማሱ ግን፣ ስለ አድማሱ
አንድም ቃል አላነሱ።
ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ፣
«እንየው!» ብዬ እየተጣራሁ።